ውሃው ሲፈስ ወፉ ጸንቶ እንዲታይ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በባሕር ዳር ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በድንጋዮች መካከል መፍሰስ በሚጀምርበት አካባቢ፣ ማለዳ ላይ ዓሣ የሚጠባበቁ ሳቢሳዎችን በ400 ሚሊሜትር ሌንስ አነሣለሁ። ፏፏቴ የሚያነሡ ሰዎች እንደሚያደርጉት ውሃው እንደ ሐር ለስልሶ እንዲታይ ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መጋረጃ) ለ1 ሰከንድ ክፍት ሳደርገው ውሃው ያምራል፤ ወፉ ግን ይደበዝዛል። ሻተሩን ሳፈጥነው ደግሞ ወፉ ይጠራና ውሃው የማይፈስ ይመስላል። ሁለቱን በአንድ ፎቶግራፍ ማግኘት ይቻላል? ሁለት ፎቶግራፎችን በኮምፒውተር ማዋሐድስ ተገቢ ነው?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን የሻተሩን ፍጥነት መምረጥ ያለብዎት ውሃውን ሳይሆን ወፉን አይተው ነው። 1 ሰከንድና ከዚያ በላይ ክፍት የማድረግ ልማድ በአብዛኛው የሚሠራው ሰፊ እይታ ባላቸው ሌንሶች ፏፏቴውን በሙሉ ለሚያነሡ ሰዎች ነው። በ400 ሚሊሜትር ሌንስ ግን በምስሉ ውስጥ የሚገባው የወንዙ ክፍል ጠባብ ስለሆነ ውሃው ያንን ስፋት በጣም አጭር በሆነ ጊዜ አቋርጦ ያልፋል። በመሆኑም በድንጋይ መካከል ፈጠን ብሎ የሚወርድ ውሃ በ1/15 ሰከንድ መስመር መሥራት ይጀምራል፤ በ1/8 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉትን ልስላሴ ያገኛል። ከ1/4 ሰከንድ ሲያልፉ ለውሃው የሚጨመርለት ጥቂት፣ ከወፉ የሚቀነስበት ግን ብዙ ነው። እንዲያውም በ1/8 የተነሣ ውሃ የፍሰቱ አቅጣጫና ኃይል ስለሚታይበት፣ በእኔ አስተያየት ፈጽሞ ከደበዘዘው ይልቅ ወንዝ ወንዝ ይላል።

ወፎቹ ሁሉ እኩል አይመቹም። ጥቁር መንቁርና ጥቁር እግር፣ ቢጫ ጣቶችም ያሉት ትንሹ ነጭ ሳቢሳ ዓሣውን ከተደበቀበት ለማስወጣት እግሩን እያንቀጠቀጠ ስለሚራመድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግራጫው ሳቢሳ ግን ሳይነቃነቅ ረጅም ጊዜ ስለሚቆም በእርሱ ቢጀምሩ ይሻላል። ነጩን ሲያነሡ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብስቦ መንቁሩን ወደ ውሃው ያነጣጠረበትን ጊዜ ይጠብቁ፤ ዓሣውን ከመንጠቁ በፊት መላ አካሉ ለአፍታ ይረጋልና። በዚያች አፍታ ካሜራዎ በተከታታይ እንዲያነሣ አድርገው በርካታ ምስሎችን ይውሰዱ፤ አብዛኞቹ ቢበላሹም የወፉ ዓይን የጠራበት አንድ እንኳ ከተገኘ በቂ ነው። ወፉ በውሃው ውስጥ ከቆመ የእግሩን ኋላ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ እግሩ የከፈለው ውሃ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተሰነጠቀ ቢወርድም ስንጥቁ ራሱ ቦታውን አይለቅም። ስለዚህ ሻተሩ ሲዘገይ ከእግሩ የሚነሡ ሁለት ነጭ መስመሮች ሆኖ ይቀረጻል፤ ለእኔ ከዚህ ዓይነት ፎቶግራፍ ሁሉ የሚያምረው ክፍል ይህ ነው።

ካሜራው ራሱ እንዳይንቀጠቀጥ ትራይፖዱን ዝቅ አድርገው በደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ይትከሉት፤ ሻተሩንም በጣትዎ ሳይሆን በሪሞት ይልቀቁ። ካሜራዎ ባነሡ ቁጥር በውስጡ ብድግ የሚል መስታወት ያለው (ዲኤስኤልአር) ከሆነ የመስታወቱ ንዝረት ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በእነዚሁ ፍጥነቶች ስለሆነ መስታወቱ አስቀድሞ እንዲነሣ ያድርጉ።

ብርሃንን በተመለከተ፣ ሰማዩ በደንብ በደመነበት ቀን አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 እና አፐርቸር (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) 16 ይዘው ያለምንም ፊልተር (በሌንሱ ፊት የሚገጠም መስታወት) ወደ 1/15 ሰከንድ መድረስ ይቻላል። በጠራ ፀሐይ ግን በዚያው አፐርቸር የሚያገኙት 1/125 አካባቢ ስለሆነ ብርሃኑን አራት ስቶፕ ያህል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) የሚቀንስ ኤንዲ የሚባል ጠቆር ያለ ፊልተር ካልያዙ 1/8 አይገኝም። ገንዘብዎ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፖላራይዘር የሚባለውን ፊልተር እመርጥልዎታለሁ፤ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ከመቀነሱም በላይ በእርጥብ ድንጋይና በውሃው ገጽ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ያጠፋል። ነጭ ላባ ቶሎ ስለሚቃጠል (ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ስለሚሆን) ሂስቶግራሙን (በካሜራው ላይ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ሥዕል) እያዩ መጋለጡን፣ ማለትም ወደ ምስሉ የሚገባውን ብርሃን፣ ከካሜራው ግምት ጥቂት ይቀንሱ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በዚያ አካባቢ ጉማሬ ስላለ ጎሕ ሳይቀድ ብቻዎን ዳርቻው ላይ አይተኙ፤ የቢልሃርዝያ ተሕዋስም ስላለ በባዶ እግር ውሃው ውስጥ አይግቡ። ወፉም አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ እርስዎ ማየት ከጀመረ ተጨንቋልና ወደ ኋላ ይመለሱ።

ማዋሐዱን በራሱ ነውር አልለውም፤ ተመልካቹ እንዲያውቀው ከተደረገ የራሱ ቦታ ያለው ሥራ ነው። ሳይናገሩ እንደ አንድ ቅጽበት አድርጎ ማቅረብ ግን ማታለል ነው። ደግሞም በፈጣኑ ምስል የተቀረጸው የወፉ ነጸብራቅና በእግሩ ዙሪያ ያለው ውሃ ከዘገምተኛው ጋር ስለማይገጥሙ መጋጠሚያው ብዙ ጊዜ ያስታውቃል። ለውድድር የሚልኩ ከሆነ ደንቡን አስቀድመው ያንብቡ፤ አንዳንድ አዘጋጆች ያልተነካውን ሮው ፋይል (ካሜራው በቀጥታ የቀረጸውን ጥሬ ምስል) ስለሚጠይቁም ከኮምፒውተርዎ አያጥፉት።