ስልክ ብቻ ነው ያለኝ፣ ፖድካስት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ቤይሩት ሰው ቤት ነው የምሠራው። እሁድ ከጓደኞቼ ጋር የምናወራው ሁሉ ቢቀዳ እላለሁ። ግን ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፣ ማዳሜ ብትሰማስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስልኩ ይበቃል። ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ቅጂ፣ ማስተጋባቱን ይቀንስልሻል (አልቀለድኩም!)። ከባዱ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። የሊባኖስ የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም፣ በከፋላ (በአሠሪ ዋስትና ሥርዓቱ) ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው፣ ስለዚህ ድምፅሽ ከታወቀ ከሥራው አልፎ ወረቀትሽንም ልታጪ ትችያለሽ። ስም፣ ሰፈር፣ የልጆቹንም ስም አትጥሪ። ታሪኩን አገር ቤት ያለች ጓደኛሽ ብታነበው ይሻላል። በቴሌግራም ስትለቂው ስልክ ቁጥርሽን ደብቂ፣ ፋይሉም ትንሽ ይሁን፣ ዋይፋይ የሌላት እንድትሰማው።

ለውጥ ያመጣል ወይ ካልሽኝ፣ ካሊፎርኒያ ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 «ኢር ሀስል» የተባለውን ፖድካስት ከጀመሩት አንዱ እስረኛው ኧርሎን ዉድስ ነው። በ2018 ገዥው ጄሪ ብራውን ቅጣቱን ሲያቃልሉለት ፖድካስቱን በበጎ ጠቅሰውለታል። ያንቺ እስከዚያ ላይደርስ ይችላል፣ ግን ትናንት የመጣች ልጅ ፓስፖርቷ ሲወሰድባት ምን እንደምታደርግ ካንቺ ብትሰማ ቀላል ነው እንዴ?

የመጀመሪያው ክፍል ከ10 ደቂቃ አይብለጥ። ሰሚዎችሽ ሰሃን እያጠቡ ነው።