ፒክአፕ ላንድክሩዘሯን ልግዛት ወይስ ልተዋት?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የምጽፈው ከጅማ ነው፣ አጂፕ አካባቢ። ከጌራና ከሊሙ ቡና እየሰበሰብኩ አመጣለሁ፣ እስካሁን በኪራይ መኪና ነበር፣ አሁን የራሴን ልያዝ ብዬ በፈረንጆቹ 1998 ሞዴል ፒክአፕ ላንድክሩዘር አገኘሁ፣ ሞተሯ ዋን ኤችዜድ ነው። ባለቤቱ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ሊያልቅ ነው፣ የኋላ ባሌስትራም (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ተሰብሯል ብሎ በግልጽ ነገረኝ፣ ለጥገናው ብሎም 120 ሺህ ብር እቀንስልሃለሁ አለ። ደላላው ደሞ ዛሬ ካልወሰድክ ነገ የለችም እያለ ነው። ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ደላላውን ተወው፣ ነገም ትኖራለች። ፍሪሲዮንና ባሌስትራ ብዙ አያስፈሩኝም፣ እቃውን ሱቅ ጠይቀህ የመካኒኩን የእጅ ጨምረህ ዛሬውኑ ዋጋውን ትደርስበታለህ። ፍሪሲዮን ሲቀየር ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይወርዳል፣ ከወረደ አይቀር ግን የሞተሩን የኋላ የዘይት ሲልም አብረህ አስቀይር፣ ለማውረጃ ሁለቴ አትክፈል።

እኔን ያሳሰበኝ ሰውየው ያልነገረህ ነው። እዚያው አካባቢ የሰራች ከሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር በጭቃና በወንዝ ውስጥ ነው የኖረችው፣ ስለዚህ የራስህን መካኒክ ይዘህ ሂድና የዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርስ ቤት) የዘይት መሙያ ቡሎን አስፈታ፣ ጣትህን ከተህ አውጣ፣ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ኩሽኔታውም ጥርሱም ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የፊቱንም የኋላውንም እይ።

ሞተሩ ጥሩ ነው፣ 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ፣ ኮምፒውተር ምናምን አይፈልግም። ግን ታይሚንግ ቤልቱ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አናቦ የሚያሰራው ቀበቶ) በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ያኔ ሙሉ የሞተር ስራ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስታውስ መብራት አላት ግን ቤልቱ ሳይቀየርም ማጥፋት ስለሚቻል አትመናት። መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ካላሳየህ እንዳልተቀየረ ቁጠረውና ሂሳብህ ውስጥ አስገባው።

ደሞ በጠዋት ድረስና ኮፈኑን ዳስሰው፣ ሞቆ ካገኘኸው ሰውየው ቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው፣ ሌላ ቀን ተመለስ። እኔ አንዴ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ከመኪናው ቀጥሎ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ገዝቻለሁ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከለቀቀ ዘይት እየበላ ነው።

ባሌስትራ የሰበረች መኪና ከልኳ በላይ ጭና ሊሆን ስለሚችል ሻንሲውን (መኪናዋን የተሸከመውን የብረት አጽም)፣ በተለይ የኋላ ባሌስትራው የሚታሰርበትን ቦታ፣ በመዶሻ መታ መታ እያደረግህ እየው። እዚያ ጋ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ካለ ጠርጥር። የተሰነጠቀ ወይም የተበየደ ሻንሲ ከሆነ እኔ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ሌላው ሰው የሚረሳው ሂሳብ የቆመችበት ቀን ነው። ጅማ ያጣኸውን እቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስፈልገህ ያን ሁሉ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪመጣልህ ጋራዥ ትቆማለች፣ ያ ደሞ ጥቅምትና ህዳር ላይ ከሆነ ቡናው ሲደርስ አንተ እንደገና የሰው መኪና ትከራያለህ። ያንንም ብር ጻፈው፣ ደምረው፣ ከ120 ሺው ከበለጠ ልዩነቱን ጨምረህ ቀንስልኝ በለው፣ እምቢ ካለ ተዋት። ከተስማማችሁም ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በአይንህ ሳታይ ቀብድ እንዳትሰጥ።