ፍሪጁን ቆልፊ ላሉሽ

እህቴ፣ ግሩፕ ሆም (እርዳታ የሚፈልጉ ሰዎች አብረው የሚኖሩበት ቤት) ሥራ ከገባሽ 3 ወርሽ ነው። ስኳር ያለበት ነዋሪያችሁ ሌሊት እየተነሳ ኬክ ይበላል። የሺፍት ጓደኛሽ ደግሞ «ፍሪጁን ቆልፊ፣ አንድ ነገር ቢሆን የምትጠየቂው አንቺ ነሽ» ብላሻለች። ምን ላድርግ ነው ጥያቄሽ። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በዚህ ሥራ 11 ዓመት ሆኖኛል። እኔም ቆልፌ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ኢንሱሊን ይወስዳል ወይ? ከወሰደ ሌሊት ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ያኔ ቶሎ የሚጣፍጥ ነገር ካላገኘ አደጋው ያ ነው። ለደህንነቱ ብለሽ የቆለፍሽው ፍሪጅ ይጎዳዋል ማለት ነው። ዛሬውኑ ናርሷን ጠይቂ።

ሕጉም አለ። ቤቱ በሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለና ለአካል ጉዳተኞች መንግሥት የሚከፍለው የጤና መድን) የቤትና የማኅበረሰብ አገልግሎት በኩል የሚከፈልበት ከሆነ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2014 የወጣው የፌደራል ደንብ ነዋሪው በፈለገው ሰዓት ምግብ ማግኘት መብቱ ነው ይላል። መገደብ የሚቻለው የእሱ የራሱ ችግር ተጽፎ፣ ቀለል ያሉ መንገዶች ተሞክረው አለመሥራታቸው ተመዝግቦ፣ ፈቃዱ ተጠይቆ፣ እንደገና የሚታይበት ጊዜም ተቆርጦ ነው። የሺፍት ጓደኛሽ ምክር እዚህ ውስጥ የለም።

ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው የእኛው ነገር ነው። እኛ ቤት መውደድ ማለት ምንም አለማስነካት ነው። አባባ ውሃ ሊቀዱ ብድግ ሲሉ «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!» ብለን እንሮጣለን። ያንኑ ይዘን እዚህ መጣን። እኔ ለአንድ ነዋሪያችን 2 ዓመት ሙሉ ጫማ አሰርኩለት። አንድ ቀን ተተኪዋ ሠራተኛ ረሳችው። ስመለስ ራሱ አስሮ ቁጭ ብሏል። ሞክር ያለው ሰው አልነበረም እንጂ ይችል ነበር!

ይኸው ሰውዬ ቆየት ብሎ መኪና የሚበዛበትን ጆርጂያ አቬኑን ብቻዬን ተሻግሬ ቡና ልግዛ አለ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አይሆንም አልኩ። ስለ እሱ እቅድ በተጠራው ስብሰባ ላይ ስለ መኪናው ብዙ አወራሁ፣ ውስጤ ያለው ግን እንጀራዬ ነበር። ኮኦርዲኔተሯ (እቅዱን የምታስተባብረው) «የሚፈራው እሱ ነው አንቺ?» ስትለኝ ዝም አልኩ።

ከዚያ 6 ሳምንት ተለማመድን። መጀመሪያ ጎን ለጎን ሄድን፣ ቀጥሎ ራቅ ብዬ ከኋላው፣ በመጨረሻ እኔ ማዶ ቆሜ። የእግረኛውን ቁልፍ መጫን ወዲያው ገባው። ያስቸገረን የሚታጠፈውን መኪና ዞር ብሎ ማየት ነው። አድራሻው በካርድ ኪሱ ገባ። ሁሉም በእቅዱ ተጻፈ፣ ተፈረመ።

በ3ኛው ወር ጠፋ። 2 ሰዓት! አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ሲዞር ነበር። ኢንሲደንት ሪፖርቱን (የተፈጠረውን ችግር የምናሳውቅበትን ጽሑፍ) ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ብቻውን መውጣቱ ይቁም አለ። ነዋሪውን ሲጠይቁት «ውጭ ይበርዳል፣ አውቶቡሱ ይሞቃል» አለ። ክረምት ነበርና እውነቱን ነው። ስልክ ተገዛለት፣ ከ40 ደቂቃ ካለፈ እንዲደውል ተስማማን። ቡናው አልቀረም። ያ ሁሉ ጽሑፍ ባይኖር ግን እኔም እዚያ ሥራ ላይ አልቆይም ነበር።

አንድ ነገር ግን አትቀላቅዪ። መዋጥ የሚቸግረውና ሐኪም ምግቡ ተፈጭቶ ይሰጠው ያለለት ሰው ካለ፣ መብቱ ነው ብለሽ ዳቦ አታቀብዪው። ቢፈልገው እንኳ መጀመሪያ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ለአንቺው ሰውዬ ራቱ ስንት ሰዓት እንደሚቀርብ እዪ። ብዙ ቤት በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ አብልተው ይጨርሳሉ። ሌሊት ባይርበው ነው የሚገርመኝ። ገበያ ስትሄጂ አብሮሽ ይሂድ፣ ትንሿን ኬክ ራሱ ይምረጥ። ስኳሩን ስትለኩ ቁጥሩን ለናርሷ ብቻ ሳይሆን ለእሱም አሳዪው። እኔ የምሠራበት ቤት አንዱ ነዋሪ ቁጥሩን ማየት ከጀመረ በኋላ ግማሹን ለነገ ማስቀመጥ ጀመረ። ሌላው ደግሞ እያየ ይበላል።

ስብሰባ ይጠራልኝ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ኮፒውን ያዢ። ምን ብለሽ እንደምትጽፊ ከቸገረሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሺፍት የለኝም።