«ጨምር» ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ሥራውን የጀመረው አጠገቤ ተቀምጦ ነው። ከአንድ ባንድ ጋር ውጭ አገር ፌስቲቫል ሊሄድ ነው። «ጋሼ፣ ምን ምን ልያዝ?» አለኝ። ትርፍ ኬብል፣ ቴፕ፣ ባትሪ፣ የቢጫ ወባ ካርድ አልኩት። አመስግኖ ዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ዋናውን ነገር አልነገርኩትማ። ዋናውን ለመናገር የዛንዚባሯን ሌሊት ማንሳት አለብኝ። እሷ ደግሞ በስልክ የምታልቅ አይደለችም። ስለዚህ ለሱም ለእናንተም፣ ከማይክና ከኬብል ጋር ለምትውሉ ልጆች ሁሉ፣ ልጻፋት።

ዛንዚባር ላይ ፌብሩዋሪ ሲመጣ «ሳውቲ ዛ ቡሳራ» የሚባል ፌስቲቫል አለ። በስዋሂሊ «የጥበብ ድምፆች» እንደማለት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዋናው መድረክ የሚቆመው ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌው የከተማው ክፍል፣ አሮጌው ምሽግ ግቢ ውስጥ ነው። የኦማን ዐረቦች ፖርቱጋሎችን ካባረሩ በኋላ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ የሠሩት ምሽግ ነው። ግንቡ ወፍራም፣ ግቢው ጣሪያ የሌለው። ቀና ስትሉ ኮከብ ነው። ለተመልካች ደስ ይላል። ለድምፅ ሰው ግን ፈተና ነው፤ ግንቡ ድምፁን ይመልስባችኋል፣ ሰማዩ ደግሞ ይወስድባችኋል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ደንቡን ነው። እዚያ መድረክ የሚወጣ ሁሉ በቀጥታ ይጫወታል። ሲዲ ከፍቶ አፍ ማንቀሳቀስ የለም። እኛ አገር አንድ ትልቅ ዝግጅት ላይ፣ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ባንዱ ሁለት ሳምንት ተለማምዶ መጣ። አዘጋጁ «ምን አለፋችሁ? በፍላሽ ክፈቱትና እናንተ ዝም ብላችሁ ቁሙ» አለን። ድራመሩ ዱላዎቹን ጠቅልሎ ወደ ቦርሳው ሲመልስ አየሁት። ሳይናገር ነው የመለሰው። ያ ፊት እስከ ዛሬ አይኔ ላይ አለ።

እንደዚህ ዓይነት ፌስቲቫል ደግሞ በቀላሉ የሚቆም እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ገንዘብ ጎድሎ ጭራሽ አልተካሄደም። በ2017 ተመለሰ። እንግዲህ የኛን ቡድን ይዤ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮና አንዲት ድምፃዊት።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ።

ዛንዚባር በገባን ማግስት አንድ ነገር በጣም አስደሰተኝ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ጎህ ሲቀድ ይጀምራሉ። ፈረንጅ ሰባት የሚለውን እነሱ «ሳአ ሞጃ» ይሉታል፤ አንድ ሰዓት። ሾፌሩ «ሁለት ሰዓት እመጣለሁ» ሲለኝ በእኔው ሁለት ሰዓት መጣ። የሆቴሉ ዘበኛም እንደዚያው። ስንት አገር ዞሬ፣ ስንት ቦታ ስድስት ስደምር ስድስት ስቀንስ ኖሬ፣ አንድ አገር ሰዓቴን ሳልነካ ገባሁ። ሰዓቴ የሀበሻ ነው፤ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ነው የማስረው። ቤቴ ያለሁ መሰለኝ።

የሳውንድቼክ፣ ማለትም ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ የምንሞክርበት፣ ወረቀቱ ላይ «10:00» ይላል። እኔ ዐሥር ሰዓት ብዬ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ትንሽ ጋደም ብዬ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ከች አልኩ። ወረቀቱ ግን የፈረንጅ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ማለት ነው። ተራችን ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሠራሁ ሰውዬ! ማንንም መውቀስ አልችልም። ልጆቹ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። «ችግር የለም» አልኳቸው፤ ችግር እንዳለ ግን ጉልበቴ ያውቀዋል። እንግዲህ ምሽት ላይ፣ ሕዝቡ ቆሞ እያየ፣ በአንዱና በሌላው ባንድ መሀል ባለችው አጭር ጊዜ ኬብል ሰክተን መጀመራችን ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኛውም ወረቀት ላይ ቁጥር ሳይ «የማን ሰዓት ነው?» እላለሁ። እናንተም በሉ፤ አያሳፍርም።

የቆምኩበት ቁጭ አልኩ። መድረኩ ላይ የታራብ ቡድን ሳውንድቼክ እያደረገ ነበር።

ታራብ የዛንዚባር ሙዚቃ ነው። ውስጡ ዐረብም፣ ሕንድም፣ አፍሪካም አለበት። ቫዮሊኖች፣ አኮርዲዮን፣ ዑድ፣ ምት፣ ከኋላ የሚቀበሉ ሴቶች። መሀል ላይ ደግሞ ቃኑን የሚባለው። ቃኑን ጭን ላይ የሚቀመጥ፣ ከ70 በላይ ክር ያለው፣ ጣት ላይ በቀለበት በሚታሰር መምቻ የሚነካ መሣሪያ ነው። ድምፁ ስስ ነው። ክሮቹ የተደገፉበት ድልድይ የቆመው ቆዳ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ቆዳ። ያንን ስስ ድምፅ ከዚህ ሁሉ መሣሪያ በላይ ማሰማት የማንኛውንም ባለሙያ ልብ ያደርቃል።

ሚክሰሩ ላይ፣ የሁሉም ድምፅ መጠን የሚስተካከልበት ሰሌዳ ላይ፣ የነበረችው ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራለች። እኔ የምጠብቀው ቁጭ ብላ ስትነካካ ነው። እሷ ግን ሚክሰሩን ጥላ ግቢውን ትዞራለች። ግንቡ ጥግ ትቆማለች። በሩ ጋ ትቆማለች። አንድ ቦታ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተመልሳ አንድ ነገር ዝቅ አደረገች። ደግሞ ሄደች። ደግሞ መጣችና ሌላ ዝቅ። ቆጠርኩላት፤ አምስት ጊዜ ተመላለሰች፣ አንዴም ስትጨምር አላየሁም። መጨረሻ ላይ ቃኑኑ ከነጥፍሩ ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ።

ልጆች፣ ከእኛ መድረክ ላይ በቀን መቶ ጊዜ የሚሰማው ቃል «ጨምር» ነው። ዘፋኙ «ድምፄን ጨምርልኝ»፣ ጊታሪስቱ «እኔንም ጨምረኝ»፣ አዘጋጁ ከኋላ መጥቶ ትከሻችሁን መታ አድርጎ «ጨመር አድርገው እንጂ»። እኛም እንጨምራለን። አንዱን ስንጨምር ሌላው ይጠፋል፤ የጠፋው ደግሞ ጨምርልኝ ይላል። ሲመሽ ሁሉም ጫፍ ላይ ነው፣ ማንም አይሰማም፣ ሰው ጆሮውን ይዞ ይወጣል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ፣ ሆቴል ቤት ነው። ሰዓት እላፊ ነበር። ማታ የገባ ሰው በር ይዘጋበትና እስኪነጋ አብሮን ያድራል። ስፒከሮቻችን ዛሬ እናንተ ለልደት የምታከራዩትን አያክሉም። ግን ሳክስፎኑ ይሰማ ነበር። ድራመሩ ዘፋኙ ሲገባ እጁን ያለዝብ ነበር፤ ካላለዘበ ከመድረኩ ማዶ ሳክስፎኒስቱ ዞሮ ያየዋል፣ ያቺ እይታ ትበቃለች። በኋላ አንድ ኪቦርድ የባንዱን ሁሉ ሥራ ሲጠቀልል ያ ዞሮ መተያየት አብሮ ሄደ። ኪቦርድ አልጠላም፤ ብዙ ቤተሰብ አስተዳድሯል። ግን ለማንም እጁን አያለዝብም።

ወደ ምሽቱ ልመለስ።

ተራችን ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ማሲንቆ ተጫዋቹ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ባሕሩ እዚያው ነው፣ አየሩ እርጥብ። የማሲንቆው ቆዳ ላልቷል። ጭራውን ቢወጥረው ድምፁ ወፍራም፣ የታፈነ። አገር ቤት ቢሆን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ወይ ከሰል ያሳዩታል። ምሽግ ውስጥ ከሰል ከየት ይመጣል? ልጁ ግን ብልጥ ነው። ከምሽጉ በር ፊት ለፊት ፎሮዳኒ የሚባል የባሕር ዳር መናፈሻ አለ። ማታ ማታ ምግብ ሻጮች ይሞሉታል፤ ዓሣ ይጠብሳሉ፣ ኦክቶፐስ ይጠብሳሉ፣ ሸንኮራ ይጨምቃሉ። ሮጦ ሄደ። ተከተልኩት። አንዱ ጠባሽ ፊት ቆሞ በእጁ ምልክት ያሳያል፤ ማሲንቆውን፣ ፍሙን፣ ማሲንቆውን፣ ፍሙን። ሰውየው መጀመሪያ ማሲንቆውን ሊጠበስ የመጣ ነገር መስሎት ይሆናል፣ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ሳቀና ኦክቶፐሱ የተሰካበትን እንጨት ወደ ዳር ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጠው። ልጃችን ማሲንቆውን እያገላበጠ፣ በጣቱ ቆዳውን መታ መታ እያደረገ፣ ጆሮውን እያስጠጋ አሞቀው። «ደረሰ» አለ፣ እንደ ቡና።

መድረክ ወጣን። የመጀመሪያው ዘፈን እንደ ምንም አለፈ። ሁለተኛው ላይ ማሲንቆው ጠፋ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ በጣቱ ወደ ላይ ይጠቁማል፤ ጨምር። ጨመርኩ። ድምፃዊቷም ጠቆመች። ጨመርኩ። ማይኩ መፎጨት ጀመረ። የፊድባክን ጩኸት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ጊዜ የሁለት ሺህ ሰው አንገት ወደ እናንተ ሲዞር የሚሰማው ስሜት። ላብ በላብ ሆንኩ። ኢኪውን፣ የድምፁን ወፍራምና ቀጭን የምናስተካክልበትን፣ ልይዝ ስል አንድ እጅ ከጎኔ ገባ። ያቺ ልጅ ናት። «ፖሌ ፖሌ፣ ባባ» አለችኝ። ቀስ፣ አባባ። ከበሮውን ከድምፃዊቷ ሞኒተር፣ መድረክ ላይ ራሷን ከምትሰማበት ስፒከር፣ ጭራሽ አወጣችው፤ ከበሮው እዚያው ጀርባዋ ቆሞ ይመታ የለ እንዴ፣ ምን በሞኒተር አስፈለገ! ክራሩን ግማሽ አደረገችው። የጨመርኩትን ሁሉ ወደነበረበት መለሰች። ፉጨቱ ሞተ። ማሲንቆው ደግሞ፣ ማንም ሳይጨምርለት፣ ብቅ አለ። ልጁ መድረክ ላይ ፈገግ ሲል አየሁት። የጨመርኩለት መስሎት በጣቱ «ጎበዝ» አለኝ።

ተቀበልኩ። ምን ላድርግ?

ከኛ በኋላ ታራቦቹ ወጡ። እኔ ከሕዝቡ መሀል ገባሁ። አንዲት እናት ተነሥታ፣ የብር ኖት ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በምቱ ቀስ እያለች ወደ ዘፋኟ ሄዳ ሰጠቻት። እኛ ግንባር ላይ እንለጥፋለን፤ እነሱ እንደዚያ ነው። አጠገቤ የቆመ ጎልማሳ በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። ግጥሙ ስለ አበባና ስለ ንብ ነው አለ፤ እናትየው ግን ገንዘቡን የሰጠችው ወደ አንዲት ጎረቤቷ እያየች ነው፤ የሚገባት ገብቷታል። ሰምና ወርቅ በሉት! ይኸው ባሕር ማዶም አለ። ግን አስቡት፣ ወርቁ እንዲወጣ መጀመሪያ ቃሉ መሰማት አለበት። ያቺ ልጅ አምስት ጊዜ የተመላለሰችው ለዚህ ነበር።

ስለዚህ ሙዚቃ ካነሣሁ ሁለት ሴቶች ልንገራችሁ። አንዷ ሲቲ ቢንቲ ሳድ ናት። ከገጠር መንደር የመጣች፣ ሸክላ ድስት እየዞረች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ታራብ በአብዛኛው በዐረብኛ በሚዘፈንበት ዘመን በስዋሂሊ ዘፈነች። እ.ኤ.አ. በ1928 በመርከብ ቦምቤይ ድረስ ሄዳ ሸክላ አስቀረፀች። ድስት ሻጯ በሌላ ሸክላ ተመለሰች። ሁለተኛዋ ቢ ኪዱዴ ናት። ልጅ ሳለች ሲቲ ስትዘፍን ተደብቃ ታዳምጥ ነበር ይባላል። ዕድሜዋን በልኩ የሚያውቅ የለም፤ ብዙዎች ከመቶ በላይ ይሏታል። እርጅና ሳያስቆማት መድረክ ላይ ከበሮ ትመታ ነበር። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እኔ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለች ለመሄድ ዕድል ነበረኝ፤ «ዘንድሮ ሥራ በዝቷል» አልኩ። አስናቀች ወርቁንም ክራሯን ይዛ ቀርቤ የሰማኋት አንዴ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ ስል እ.ኤ.አ. በ2011 አረፈች። እናንተ ከተማ ውስጥ ዛሬ በገና የሚደረድር ሽማግሌ ካለ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ስልካችሁን ለመቅረጽ አታውጡት፤ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ኬብሉ ከተጠቀለለ በኋላ፣ ልጅቷን ፎሮዳኒ ወሰድኳት። የሸንኮራ ጭማቂ ጋበዝኳት፤ ዝንጅብልና ሎሚ ያለበት። ማሲንቆ ተጫዋቹም መጣ። ልጅቷ ማሲንቆውን ተቀብላ ገለበጠችው፣ ቆዳውን አሸተተች፣ ሳቀች። አንድ ክር ብቻ መሆኑ አልዋጥልሽ አላት። ደጋኑን እንዴት እንደሚይዙ አሳያት። የመጀመሪያው ድምፅ አስቀያሚ ነበር፤ ሁላችንም ሳቅን፣ ከሰሉን የሰጠን ሰውዬ ሳይቀር።

ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ሳአ ናኔ» አለች።

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሰዓት ነው።