ደብተሩ ላይ 392 ኪሎ ሜትር ቀርቷል፤ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጠዋት ጠዋት የምንሮጥ 11 ሰዎች ነን። ከሦስት ዓመት በፊት የእያንዳንዳችንን ኪሎ ሜትር እየደመርን ዓለምን እንዙር ተባባልን። ከለንደን ተነስቶ ለንደን የሚመለስ መንገድ ካርታ ላይ አሰመርን። ግባችን 26,232 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከ ትናንት ማታ 25,840 ደርሰናል። ደብተሩን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ የምድር ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር ነው ተብለን ነው የተማርነው። 26 ሺውን ከየት አመጣችሁት?

መልስ፦ ትክክል ነህ ወንድሜ። እሱ በምድር ወገብ ላይ ሲለካ ነው። ግን አብዛኛው ባሕር ነው፣ ባሕር ላይ ደግሞ አይሮጥም። 26,232 ዴንማርካዊው ጄስፐር ኦልሰን የሮጠው ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2004 ከለንደን ተነስቶ በኦክቶበር 2005 እዚያው ተመለሰ። የዓለም ዙር ሯጮች ማኅበርም ይህንኑ ዝቅተኛው ርቀት አድርጎ ያዘው። ሌላም ሕግ አላቸው። ሯጩ ከተነሳበት ቦታ መመለስ አለበት። ቢያንስ አራት አህጉሮችን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለበት። በምድር ላይ ፊትና ጀርባ የሆኑ ሁለት ነጥቦችንም መርገጥ አለበት፤ ለምሳሌ ስፔንና ኒውዚላንድ እንደዚያ ናቸው። ባሕሩን በአውሮፕላን ማለፍ ይፈቀዳል፣ ግን አይቆጠርም። እኛ የያዝነው ርቀቱን ብቻ ነው።

የሐዋሳን ጀርባ አንድ ቀን ካርታ ላይ ፈለግኩት። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ነው፤ ከማርኬሳስ ደሴቶች በስተሰሜን ምዕራብ። ሐይቃችን ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ምድርን በስቶ የሚወጣ ሰው ውኃ ውስጥ ነው የሚገኘው። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ሉሉን አምጥተው ራሳቸው አረጋገጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ሰው ብቻውን በስንት ቀን ይጨርሰዋል?

መልስ፦ አውስትራሊያዊው ቶም ዴኒስ 622 ቀን ፈጀበት። 26,232ን ለ42.195 አካፍለው፤ 622 ማራቶን ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። በቀን አንድ ማራቶን ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሰርዥ ዢራር እ.ኤ.አ. በ2016 እና 2017 በ433 ቀን ጨርሷል፤ በቀን ወደ 60 ኪሎ ሜትር። እኛ 11 ሆነን በሳምንት 165 ገደማ ነው የምንሮጠው።

ጥያቄ፦ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ እየደረሰ ነው። ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ ለበዓሉ ብታደርሱት ምን አለበት?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከውጭ ብቻ አይደለም፣ ከራሳችን ሰዎችም መጥቷል። በደስታ የመጣ ሐሳብ ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔ ግን አይሆንም ብያለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የቀረን 392 ኪሎ ሜትር ነው። ከሐዋሳ ተነስቶ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ተመልሶ መቂ ሳይደርስ እንደማለት ነው። በለመድነው አረማመድ ሁለት ሳምንት ተኩል ይወስዳል። ለበዓሉ ለማድረስ ሁሉም ሰው የሳምንቱን ልክ እጥፍ ማድረግ አለበት። አጥንት ደግሞ እንደ ልብና እንደ ሳንባ ቶሎ አይለምድም። ትንፋሽ እያለህ፣ ጉልበት እያለህ፣ አጥንቱ ውስጥ ውስጡን እየደከመ ይሄዳል።

ካርታችን ላይ አሁን የቆምነው ዌልስ ውስጥ ቴንቢ አጠገብ ነው። ከዚያች ትንሽ ከተማ ሮዚ ስዌል-ፖፕ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ2003 በ57ኛ የልደት ቀኗ ሩጫ ጀመረች። ባሏን በፕሮስቴት ካንሰር ካጣች በኋላ ነው። ሳይቤሪያን፣ አላስካን፣ አሜሪካንና አይስላንድን አቋርጣ፣ ዕቃዋን በጋሪ እየጎተተች ወደ 32,000 ኪሎ ሜትር ሄደች። በኦገስት 2008 ቴንቢ የገባችው ግን በክራንች ነው። መጨረሻው ላይ የእግሯ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር። የሳይቤሪያን ብርድ ያለፈ እግር እቤቱ ደጃፍ ላይ ሊከዳ ይችላል።

የራሴም አለ። በሁለተኛው ዓመት ካርታው ላይ የአውስትራሊያ ምዕራብ ዳርቻ ሊያልቅ ሲል፣ ለመጨረስ ጓጉቼ በሳምንት ከ15 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ዘለልኩ። በአሥረኛው ቀን ቀኝ ቅልጥሜ ላይ የአንድ ሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ ታመመችኝ። ተዘረጋግቼ ሮጥኩባት። ስድስት ሳምንት ቁጭ አልኩ። ደብተሩ ላይ በስሜ ትይዩ ስድስት ባዶ መስመር አለ፤ ዛሬም ገልጬ ለአዳዲሶቹ አሳያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የጡንቻ ሕመምን ከአጥንት ሕመም በምን እለያለሁ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ቁርጡን የሚነግርህ ሐኪም ነው። ግን አንድ ነገር አድርግ። በአንድ ጣትህ አጥንቱን ከላይ እስከ ታች እየተጫንክ ውረድ። ሕመሙ በሰፊው ተሰራጭቶ፣ ሲሞቅህ የሚለቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻ ነው። አንዲት ነጥብ ላይ ስትደርስ የሚያዘልልህ፣ ስትሮጥ እየባሰ የሚሄድ፣ ማታ ተኝተህም የሚሰማህ ከሆነ ግን በዚያ እግር አትሩጥ። በማግስቱ ሐኪም ጋ ሄደህ ታይ።

ጥያቄ፦ ጫማ በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 800። ሶሉን በአውራ ጣትህ ስትጫነው ደረቅ ካለብህ አልቋል። ሐይቅ ዳር ስለሆንን ጭቃውን አጥቦ ጥላ ላይ ማድረቅ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ማስቲሹ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ያልተሮጠ ኪሎ ሜትር ብትጽፉ ማን ያውቃል?

መልስ፦ ማንም ላያውቅ ይችላል፤ ለዚህ ነው ሁለት ሰው የሚፈርመው። እንግሊዛዊው ሮበርት ጋርሳይድ ዓለምን በሩጫ ለመዞር ከኒው ዴልሂ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያው ጨረሰ። የዓለም ክብረ ወሰን መዝጋቢው ጊነስ ማስረጃውን መርምሮ ያጸደቀለት ግን በ2007 ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር ብትጎድል እንደጎደለች እንጽፋለን።

ጥያቄ፦ እኔ የአንዷ ሯጭ እናት ነኝ። ልጄ ባቷ ታሟት አርፋለች። መጨረሻው ሳያመልጣት አይቀርም ብላ ታለቅሳለች። የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር ማን ነው የሚሮጣት?

መልስ፦ እናቴ፣ እንዳታስለቅሷት። ደብተሩ ላይ 11 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲቀር ሁላችንም እናቆማለን። በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ፍቅር ሐይቅ እንገናኝና እያንዳንዳችን አንድ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ጎን ለጎን እንሄዳለን። ልጅዎ መሮጥ ካልቻለች በእርምጃ ነው የምንሄደው፣ በእሷ ልክ። እርስዎም ይምጡ፤ ከዚያ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ አለ። ለእሷ እስክሪብቶ ይዤላታለሁ፤ የመጨረሻውን መስመር የምትጽፈው እሷ ናት።