ልጄ ከተቀያሪ ወንበር አልተነሳም፤ ውሉን ማፍረስ ይችላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ልጄ 19 ዓመቱ ነው። በ17 ዓመት ከ4 ወሩ ከአንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ጋር የ5 ዓመት ውል ፈረመ። በዚህ የውድድር ዘመን ክለቡ 30 ጨዋታ አድርጎ እሱ የገባው በሁለቱ ብቻ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ ያለፈው እሁድ ነበር። ወኪሉ «ከ10 በመቶ በታች ስለተጫወትክ ውሉን ማፍረስ መብትህ ነው፤ ልምምዱንም ተወው» ይለዋል። የአንድ ወር ደሞዙም እስካሁን አልተከፈለም። ክለቡን መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከደብዳቤዎ ጋር የላኩትን የደብተር ገጽ ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። የ30ውንም ጨዋታ መዝግበዋል። «ወንበር፣ ወንበር፣ አልተጓዘም፣ ወንበር» ይላል። መሀል ላይ «በ83 ገባ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። አባት ነዎትና ምን ያህል እንደከበደዎት ይገባኛል። ግን ልጁን የሚጎዳ እርምጃ እንዳትወስዱ እውነቱን ልንገርዎት።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ልጅዎ ልምምዱን እንዳይተው። ክለቡ ዕረፍት ካልሰጠ በቀር ከልምምድ መቅረት ማለት ከሥራ መቅረት ነው። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ደግሞ ጥፋተኛው ራሱ ይሆናል። እስካሁን ውሉን ያፈረሰ ወገን የለም። ልጅዎ የመጀመሪያው እንዳይሆን።

ወኪሉ ያነሳው የ10 በመቶ ነገር ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። በፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ አንቀጽ 15 ላይ አለ። ተጫዋቹ በውድድር ዘመኑ ክለቡ ካደረጋቸው ይፋዊ ጨዋታዎች ከ10 በመቶ ባነሱት ከተሰለፈ፣ በስፖርታዊ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። 2 ከ30 ደግሞ 7 በመቶ እንኳ አይሞላም። እስከዚህ ድረስ ወኪሉ ልክ ነው።

የዘለለው ግን ዋናውን ቃል ነው። ደንቡ ይህን መብት የሰጠው ለማንኛውም ተጫዋች ሳይሆን ራሱን ላስመሰከረ ፕሮፌሽናል ነው። ማለትም የሥልጠና ጊዜውን ጨርሶ የበሰለና ደረጃው የታወቀ ተጫዋች። የ19 ዓመት ልጅ ገና በመማር ላይ እንዳለ ነው የሚታየው። አሠልጣኙ «ገና እያበሰልኩት ነው» ቢል ሰሚ ያገኛል። ያም ሆኖ ነገሩ እንደየጉዳዩ የሚመዘን ነው። መብቱ አለኝ የሚል ተጫዋችም ከክለቡ የመጨረሻ ይፋዊ ጨዋታ በኋላ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ነው ማቋረጥ የሚችለው። ቅጣት ባይጣልበትም ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ወኪሉ የሚያስቸኩላችሁ በ15 ቀኗ ምክንያት ይመስለኛል። ለልጅዎ ግን በዚህ በር እንዲወጣ አልመክርም።

«አሠሪ ለሠራተኛው ሥራ መስጠት የለበትም ወይ?» ሊሉኝ ይችላሉ። አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በውሉ መሠረት ሥራ የመስጠት ግዴታ ይጥልበታል። በእኔ እምነት ግን የተጫዋች ሥራ 90 ደቂቃው ብቻ አይደለም። ልምምዱ፣ ጉዞው፣ ሕክምናው፣ ከቡድኑ ጋር መዋሉ ሁሉ ሥራ ነው። 11 ሰው የሚመርጠው አሠልጣኙ ነው፤ «ይህን ልጅ አሰልፍ» ብሎ የሚፈርድ ዳኛ አያገኙም። ልጁን ከቡድኑ ነጥለው ብቻውን ቢያስሮጡት፣ ወይም ውሉን በገዛ እጁ እንዲተው ሆን ብለው ቢያንገላቱት ኖሮ መልሴ ሌላ በሆነ ነበር። እርስዎ እንደጻፉልኝ ከሆነ ግን ከዋናው ቡድን ጋር ይለማመዳል።

ይኸው አዋጅ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እሱን ብቻ ይዘው የሚወጡ ልጆች አሉ። ችግሩ፣ እግር ኳስ የራሱ ደንብ አለው። ውል በውድድር ዘመን መሀል በአንድ ወገን ፈቃድ አይቋረጥም፤ ያለ በቂ ምክንያት ያቋረጠም ካሳ ይጠየቃል። ለአዲሱ ክለብ ለመመዝገብ ደግሞ የሚሄደው ወደ ፌዴሬሽኑ ነው። ነገሩ እዚያ ሲደርስ ሊንጠለጠል ይችላል። ለ19 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት ቆሞ መዋል ከተቀያሪ ወንበር ይብሳል።

አሁን እርስዎ ወዳልጠየቁኝ ነገር ልምጣ። ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው 2 ከ30 ላይ ሳይሆን «5 ዓመት» የሚለው ላይ ነው።

በፊፋ ደንብ አንቀጽ 18 መሠረት ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ተጫዋች ከ3 ዓመት በላይ የፕሮፌሽናል ውል መፈረም አይችልም። ከዚያ በላይ የተጻፈው ዘመን ዕውቅና የለውም። ይህ አንቀጽ የየአገሩ ፌዴሬሽን ሳይለውጥ በራሱ ደንብ ውስጥ እንዲያስገባ ከሚገደድባቸው አንዱ ነው። ስለዚህ ልጅዎ በ17 ዓመት ከ4 ወሩ ከፈረመ ክለቡ ሊይዘው የሚችለው 3 ዓመት ነው። ሁለቱ አልፈዋል። እናንተ ሦስት ዓመት ቀረው ብላችሁ የምትጨነቁለት ልጅ የቀረው አንድ ዓመት ገደማ ነው ማለት ነው።

የተፈረመ ዕለት ቤትዎ ዶሮ ታርዶ ጎረቤት ሁሉ እንደተጠራ ጽፈውልኛል። ደስ ይላል። ማታ ከቢሮ ስወጣ ጣና ዳር ኳስ የሚያባርሩትን ልጆች አያለሁ፤ ለፊርማ የሚበቃው ከስንት አንዱ ነው። በዚያ ደስታ መሀል ግን የውሉን ዘመን ቆም ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። በዚህ አልወቅስዎትም። ወኪሉ ግን ሥራው ይኸው ነበር።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በዕድሜው ማስረጃ ላይ ነው። የልደት የምስክር ወረቀቱ፣ ፓስፖርቱና በፌዴሬሽኑ የተመዘገበው የልደት ቀን አንድ መሆን አለባቸው። በእኛ አገር እግር ኳስ ወረቀት ከወረቀት የማይገናኝበት ጊዜ እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ። ልዩነት ካለ ከሁሉ በፊት ለእኔ ይንገሩኝ።

ደሞዙን በተመለከተ ክለቡን በጽሑፍ ይጠይቁና የደረሰኝ ማኅተም ያስመቱበት። ያልተከፈለ ደሞዝ በ6 ወር ውስጥ ክስ ወይም አቤቱታ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል። በፊፋ ደንብ ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ ቢያንስ የ15 ቀን ጊዜ ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። የእናንተ ገና አንድ ወር ነውና እዚያ አልደረሰም። ደብዳቤው ግን ከአሁኑ ይኑር።

ከክለቡ ጋር ስትቀመጡ ክስ አታንሱ። ውሰት ጠይቁ። ለአንድ የውድድር ዘመን ወደ ከፍተኛ ሊግ ወርዶ በየሳምንቱ ቢሰለፍ ለልጁም ለክለቡም ይጠቅማል። ውሰቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ደሞዙን የትኛው ክለብ እንደሚከፍል በግልጽ ይስፈር። የ3 ዓመቷን ነገር በዚያ ስብሰባ ላይ አታንሷት። ውሉን አራዝሙ ብለው አዲስ ወረቀት ካቀረቡ ግን ልጁ እዚያው አይፈርም፤ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ።

የውሉን ዋናውን ቅጂና የልደት ማስረጃውን ይዘው ብቅ ይበሉ። ደብተሩንም አይርሱ። ክለቡ ለውሰት እሺ እንዲል ከፈለግን «በ83 ገባ» ከሚለው መስመር በላይና በታች ያሉት፣ ልጁ ያልገባባቸው 28 ጨዋታዎች ያስፈልጉናል።