ጥያቄና መልስ፦ በቪም ከፈንክሽን ጥሪ ወደ ዴፊኒሽኑ መዝለል

ስለ ቪም (የኮድ መጻፊያ ኤዲተር) እና ስለ ሲታግስ (በኮድ ውስጥ ያሉ ስሞች የት እንደተጻፉ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ጠይቁ። «አልሰራም» ብቻ ብሎ የሚጽፍ መልስ አይጠብቅ። ቪም ከታች የሚያሳየውን የስህተት ቁጥር ጻፉ።

ጀማሪው፦ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ዩኒቨርሳል ሲታግስን ጫን። ተርሚናል ላይ ወደ ፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ግባና የሲታግስን ስም፣ ቀጥሎ ሰረዝ ከትልቁ አር ጋር፣ ቀጥሎ ነጥብ ጽፈህ ኢንተር በል። «ታግስ» የሚባል ፋይል ይፈጠራል። ከርሰሩን የፈንክሽኑ ስም ላይ አድርገህ ኮንትሮልና ] ስትጫን ዴፊኒሽኑ (ፈንክሽኑ ራሱ የተጻፈበት ቦታ) ላይ ታርፋለህ። መመለሻው ኮንትሮልና ቲ ነው።

ቡና_ዴቭ፦ እኔ ማክ ላይ ነኝ፤ ትልቁን አር አላውቀውም ይላል።

መልስ፦ ከማክ ጋር የሚመጣው የቢኤስዲው ሲታግስ ነው፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ሌላ ነው። ዩኒቨርሳሉን በሆምብሩ (የማክ ፕሮግራም መጫኛ) ጫኚ፣ ከዚያ አዲስ ተርሚናል ክፈቺ።

ስም_የለሽ፦ እኔ ጋ እምቢ አለ።

መልስ፦ ቁጥሩ?

ስም_የለሽ፦ ኢ433።

መልስ፦ ታግስ ፋይሉን አላገኘውም። ቪምን የከፈትከው ንዑስ ፎልደር ውስጥ ሆነህ ይመስለኛል። ቪምአርሲ (የቪም ሴቲንግ ፋይል) ውስጥ ታግስ የሚለውን ሴቲንግ ነጥብ፣ ስላሽ፣ የፋይሉ ስም፣ መጨረሻ ላይ ; አድርገው። ያቺ ; ናት ከፋይሉ ፎልደር ተነስቶ ወደ ላይ እየወጣ እንዲፈልግ የምታደርገው። እሷን የረሳ ነገ እዚሁ ተመልሶ ይመጣል። ኢ426 ከሆነ ግን ፋይሉ አለ፣ ስሙ ግን አልተመዘገበበትም፤ ሲታግስን እንደገና አሂድ።

ከርነል_ቀማሽ፦ የሊነክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ኮድ ላይ ሲስ_ኢፖል_ዌይት የሚለው ፈንክሽን ኢ426 ይለኛል። አሁኑኑ አድሼዋለሁ።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። በዚህ ስም የተጻፈ ዴፊኒሽን ከርነሉ ውስጥ የለም። ኢቨንትፖል የሚባለውን የሲ ፋይል ኤፍኤስ ፎልደር ውስጥ ክፈት። የምታገኘው ሲስኮል_ዲፋይን4 የሚል ማክሮ (ኮምፓይል ሲደረግ በሌላ ኮድ የሚተካ ስም) ነው፤ ቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ ኢፖል_ዌይት አለ፣ ከዚያ አራቱ ፓራሜተሮች ከነዓይነታቸው ይከተላሉ። «ሲስ» የሚለውን ፊት ላይ የሚለጥፈው ማክሮው ነው። ሲታግስ ደግሞ የተጻፈውን ያነባል እንጂ ማክሮ አይዘረዝርም። ስለዚህ ከርነል ላይ ሲታግስን በእጅህ አታሂድ፤ ከዋናው ፎልደር ሜክ ታግስ በል። ከጀርባው ያለው ስክሪፕት ለእነዚህ ማክሮዎች የተዘጋጀ ሬጌክስ (የጽሑፍ መፈለጊያ ንድፍ) አለው፤ ከቅንፉ የመጀመሪያውን ስም ወስዶ «ሲስ» ጨምሮበት ይመዘግባል።

ከርነል_ቀማሽ፦ ሰራ! ሪድ_ኢተር ላይ ስጫን ግን ስትራክት (ብዙ አባላትን አንድ ላይ የሚይዝ የዳታ ዓይነት) ውስጥ ይከተኛል።

መልስ፦ ልክ ነው የከተተህ። እሱ የፈንክሽን ፖይንተር (የፈንክሽን አድራሻ መያዣ) ነው፤ ታግስ የሚያውቀው የተጠቀሰበትን የስትራክት አባል ብቻ ነው። በጊት ግሬፕ (የጊት የጽሑፍ መፈለጊያ ትእዛዝ) ነጥብ፣ ሪድ_ኢተር፣ ከዚያ እኩል ይሆናል ምልክት ብለህ ፈልግ። በመሃል ክፍት ቦታም ታብም ሊኖር ስለሚችል ሬጌክሱ ሁለቱንም ይቀበል። እያንዳንዱ ፋይል ሲስተም የራሱን ፈንክሽን የሚሰካው እዚያ ነው፤ ከሚመጡት ውስጥ የኤክስት4ን መርጠህ ስሙ ላይ ኮንትሮልና ] በል።

ዘመነኛው፦ በ2016 ኤልኤስፒ (ኤዲተርን ኮድ ከሚረዳ ፕሮግራም ጋር የሚያገናኝ ፕሮቶኮል) መጥቶ እናንተ አሁንም ታግስ?

አሮጌ_ተርሚናል፦ የሰርቨር ኮድ በኤስኤስኤች ስታይ ክላንግዲ (ለሲ ኮድ የሚያገለግል የኤልኤስፒ ፕሮግራም) ማን ይጭንልሃል?

ዘመነኛው፦ ታግስ እኮ ሁለት ኢኒት የሚባል ፈንክሽን ካለ የቱ የየትኛው እንደሆነ አይለይም።

አሮጌ_ተርሚናል፦ አንተም ያለ ኮምፓይል ኮማንድስ ፋይል (ኮዱ እንዴት ኮምፓይል እንደሚደረግ የሚናገር) ሄደሩን ሳታገኝ ቀይ በቀይ ትሆናለህ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አሁን ይብቃ። ክላንግዲ ኮዱን እንደ ኮምፓይለር ያየዋል፤ ስለዚህ በኮንፊጉ የተዘጋ ኮድ አይታየውም። ታግስ ሁሉንም ያያል፣ ምንም አይገባውም። ተመሳሳይ ስም ሲበዛ መጀመሪያ ጂ፣ ከዚያ ኮንትሮልና ] ብትሉ ዝርዝር ያወጣላችኋል።

ጀማሪው፦ ወደ ነበርኩበት እንዴት ልመለስ?

መልስ፦ ከላይ ተጽፏል።

አዲስ_ገቢ፦ በኢማክስስ?

መልስ፦ ሜታ (ብዙ ጊዜ አልት) እና ነጥብ፤ መመለሻው ሜታና ኮማ። የቀረውን ኢማክስ የሚጠቀም ይመልስልህ።

ፊደል_ወዳድ፦ በአማርኛ ኮሜንት ጽፌ ኢስኬፕ ካልኩ በኋላ ምንም ትእዛዝ አይሰማም።

መልስ፦ ኪቦርድህ አማርኛ ላይ ስለቀረ ነው፤ ቪም ጂን ሲጠብቅ «ግ» ይደርሰዋል። ኢስኬፕ ስትል ወደ እንግሊዝኛ መልሰው።

ስም_የለሽ፦ ብራንች ስቀይር የተሳሳተ ቦታ ይወስደኛል።

መልስ፦ አድስ! ታግስ ፋይሉ የሚይዘው በአብዛኛው የመስመር ቁጥር ሳይሆን የመስመሩን ጽሑፍ ነው። ከላዩ ሃያ መስመር ብትጨምር ያገኘዋል፤ ፈንክሽኑ ፋይል ከቀየረ ወይም ስሙ ከተለወጠ ግን አያገኘውም። ጊት ውስጥ ፖስት ቼክአውት ሁክ (ብራንች ሲቀየር በራሱ የሚሮጥ ስክሪፕት) ላይ የሲታግስን ትእዛዝ ጻፍ፣ ሁኩንም የማስኬድ ፈቃድ ስጠው። ኖድ ሞጁልስ ፎልደር (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች ያሉበት) ካለህ በኤክስክሉድ አስወጣው፣ አለበለዚያ ብራንች በቀየርክ ቁጥር ተቀምጠህ ትጠብቃለህ። ታግስ ፋይሉን ደግሞ ኮሚት እንዳታደርገው።